ካርታ የሌለው ቅርስ

ባለፈው የፍልሰታ ጾም አንድ ቪዲዮ በአንድ ቀን ውስጥ ከአምስት ሰው ደረሰኝ። ሰውየው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ «ዘጠኝ ሺህ የብራና መጻሕፍቶቻችን አሜሪካ አንድ ገዳም ውስጥ ታስረዋል፤ ተዘርፈናል!» እያለ ይጮኻል። ከሥሩ እሳትና ባንዲራ ተደርድሯል። አክስቴ ደግሞ ስትልክልኝ «አንቺ ኮምፒውተር አይደል የተማርሽው? ይኼን አስመልሱ እንጂ!» የሚል ጨምራበታለች።

አክስቴን ስለምወዳት ላስመልስ ተነሣሁ። የገዳሙን ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ከፈትኩ። ስምና ኢሜይል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። ገንዘብ አልጠየቀኝም። ሻዬ ሳይበርድ፣ አዲስ አበባ ሳሎኔ ውስጥ ሶፋ ላይ ሆኜ፣ በስልኬ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን አንድ የብራና መጽሐፍ ገጽ በገጽ እያገላበጥኩ ነበር። ታስሯል የተባለው መሆኑ ነው እንግዲህ።

በዚያው ሳምንት እዚሁ ከተማ ያለ አንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አንድ የታተመ መጽሐፍ ይኖረው እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ብራና አይደለም፣ ምሥጢር አይደለም፤ ተራ የታተመ መጽሐፍ። ስልኩ አይነሣም። የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ «ላይብረሪ» የሚል ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት የምረቃ ሥነ ሥርዓት ፎቶ ይመጣል። በአካል ሄድኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቁልፉ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው። መጽሐፉ መኖሩን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለው ብራና በደቂቃዎች፣ በሚኒባስ የምደርስበት የታተመ መጽሐፍ በሦስት ቀን።

እና ማን ነው ያሰረው?

ይህን የምጽፈው ፈረንጅ ለማመስገን አይደለም። ቁጣችን አድራሻ ስቷል ብዬ ስለማምን ነው። አድራሻ የሳተ ቁጣ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባለቤቱን ከሥራ ነፃ ያደርጋል። ተዘርፌያለሁ ያለ ሰው መዝገብ ያዝ አይባልም።

መቅደላና ኮሌጅቪል አንድ አይደሉም

መጀመሪያ ነገሩን በሥርዓት እንለየው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለምን እንደምነግራችሁ ወደ ታች ይገባችኋል።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ አፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት ጭኖ ሄደ። ዛሬ ወደ 350 የሚጠጉት በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። ይሄ ዘረፋ ነው። የጦር ምርኮ፣ የዘመኑ ልማድ ምናምን እያሉ ማለስለስ አያስፈልግም። መጽሐፉ ሄዷል፣ ባለቤቱ ባዶ እጁን ቀርቷል።

ቪዲዮው የሚጮኽበት ግን ሌላ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም አለ፤ ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል። ገዳሙ ዩኒቨርሲቲም፣ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤትም አለው። መነኮሳቱ በ1965 አንድ ሥራ ጀመሩ፤ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምን እንደደረሰባቸው አይተው፣ ሦስተኛው በአቶሚክ ቦምብ ቢመጣስ ብለው ፈርተው፣ ከኦስትሪያ ጀምረው የገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት። ዛሬ ሂል የቤተ መዘክርና የብራና መጻሕፍት ቤት የሚባለው እሱ ነው።

ወደኛ የመጣው በ1973 ነው። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በቤተ ክህነት ፈቃድ፣ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተጀመረ። የኛው ሰዎች ካሜራ ይዘው በየቤተ ክርስቲያኑና በየገዳሙ ዞሩ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ፎቶ ተነሡ። ልብ በሉ፤ ፎቶ ነው የተነሡት። መጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ሣጥኑ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። ከተነሡት አንዱ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ያጻፉት ወንጌል ነው፤ ቁጥሩ 1832። ሊቃውንቱ በዓለም ላይ ስለዚህ መጽሐፍ ሲጽፉ በዚህ ቁጥር ነው የሚጠሩት። ከፊልሙ አንድ ቅጂ እዚሁ አዲስ አበባ እንዲቀመጥ ሆኖ ነበር።

ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1976 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፣ በ1979 ተገደሉ። ፈቃዱን የሰጡት አባት ተገድለው እንኳ ፊልሙ መነሣቱ ቀጠለ። ያን ጊዜ ማንም ከጎንደር እስከ ሸዋ ነገ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚተርፍ አያውቅም ነበር።

ፊልሙን ማን አነበበው? ሸንኮራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅና ካይሮ ተምረው፣ ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው መጥተው በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖሩት። በ1976 ኮሌጅቪል ገቡ፤ ከፊልም ማንበቢያው ፊት ተቀምጠው የአገራቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ምን እንደሆኑ፣ ማን እንዳጻፋቸው፣ በየትኛው ገጽ ምን እንዳለ መዘገቡ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። በ2021 ዐረፉ።

እና የመኪናው ሰውዬ «ዘራፊ» የሚለው ይህንን ነው። የመቅደላን ዘረፋና የኮሌጅቪልን ፊልም አንድ ጆንያ ውስጥ የሚከት ሰው ማንን እንደሚጠቅም ያውቃል? ብሪቲሽ ላይብረሪን ነው የሚጠቅመው። እውነተኛውን ክስ ከሐሰተኛው ጋር ስትቀላቅለው እውነተኛውም ይቀልላል።

ደመና ማለት የሰው ኮምፒውተር ነው

አሁን ደግሞ ከዚያ ወገን ያሉትን ላስቀይም።

«ዲጂታል ሆኗል፣ በኢንተርኔት አለ፣ ከእንግዲህ አይጠፋም» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። በሙያ ጓደኞቼ ጭምር። ይሄ ከአንድ ኢንጂነር አፍ ሲወጣ ያሳፍራል። በጥቅምት 2023 መጨረሻ ላይ ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ተመታ። ፋይሎቹ ተቆለፉ፣ ሌቦቹ ገንዘብ ጠየቁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ። ካታሎጉ እንኳ ለወራት ጠፋ፤ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና ምስሎች ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ተሰወሩ። የመቅደላ መጻሕፍት ሁለት ጊዜ ተወሰዱብን ማለት ነው፤ መጀመሪያ ሥጋቸው፣ ቀጥሎ ጥላቸው። እዚህ ያለ ተመራማሪ ደግሞ ጥሎበት በኮምፒውተሩ ካላስቀረው በቀር ምንም ሊያደርግ አልቻለም።

የሂል ቤት ሰዎች መልካም ሠርተዋል። ግን የቤታችን መጽሐፍ ጥላው ያለው ሰው ቤት ብቻ ከሆነ መብራቱን የሚያበራውም የሚያጠፋውም ባለቤቱ ነው። ሚኒሶታ ላይ በጀት ቢቀነስ፣ የድረ ገጹ አሠራር ቢቀየር፣ እዚህ ማንም አይጠየቅም። የማይክሮፊልሙ ነገርም ገደብ አለው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በብራናችን የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው፤ ፊልሙ ላይ ቀዩ ሄዶ ግራጫ ሆኗል። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ባሳያቸው ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቀይ ቀለሙን ምን በላው?» ብለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው ይበልጥ አስቸገረኝ። «እስኪ ገድለ ተክለ ሃይማኖት ያለው የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው? አንቺው ፈልጊልኝ» አሉ። ስልኩን ለራሳቸው ሰጥቼ እንዲፈልጉ አልቻልኩም። የታተመው ካታሎግ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ርዕሱን ለማግኘት ግዕዙን በላቲን ፊደል፣ ያውም ከላይና ከታች ነጥብና ሰረዝ ባለበት ፊደል ማሰብ ያስፈልጋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግዕዝ የተማሩ ሰው የራሳቸውን መጽሐፍ ለማግኘት በአንዲት ኤ.ቢ.ሲ.ዲ ብቻ በምታውቅ የእኅት ልጅ አስተርጓሚነት ነው የሚገቡት። ለዚህ ግን የሚኒሶታ መነኩሴ አይወቀስም። ለእሱ አንባቢ ነው የሠራው። ለአጎቴ መሥራት የነበረብን እኛ ነን።

የኛ ሰርቨር

«እኛ» ስል በአየር ላይ አይደለም። ራሴን ጨምሬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስን፣ ሦስት ሆነን አንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍትን «ዲጂታል» ልናደርግ በነፃ ገባን። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ጥፋቱም በአብዛኛው የኛ ነው። ኃላፊዎቹ ስካነር ፈለጉ። አንድ በጎ አድራጊ ገዛ። እኛ ደግሞ ፕሮግራም ጻፍን። ከባዶ። ኮሃ የሚባል ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ከ2000 ዓመት ጀምሮ አለ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙበታል። አየነው። «መልኩ ያስጠላል» ብለን ተውነው። ሃያ ሦስት ዓመታችን ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እድሜያቸው ስድሳ የሚጠጋ መምህር ናቸው። ሦስት ትልልቅ መዝገቦች ነበሯቸው፣ ጠርዛቸው በፕላስተር የተያዘ። የመጽሐፉ ስም፣ ደራሲው፣ ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደገባ፣ ማን ተውሶ እንዳልመለሰ፣ ሁሉም በእጅ። አንደኛችን መዝገቡን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለቀቀውና ሳቅን። ይሄን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ይሞቀኛል።

ፕሮግራሙ ተመረቀ። ባነር ተሰቀለ፣ ኬክ ተቆረሰ። በሁለተኛው ሳምንት መምህር ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የሐዋርያትን ሥራ ትርጓሜ አጥቶታል።»

«እንዴ! መዝግበነዋልኮ።»

«እኔም መደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ። ይሄ ነገር ነው ያላየው።»

ችግሩ ይሄ ነው። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጣቸው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ በ1999 የኛን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ ትክክልም አደረገ። ነገር ግን አንደኛችን ስንመዘግብ «ሀዋርያት» ብለናል፣ መምህር «ሐዋርያት» ብለው ፈለጉ፣ ማሽኑ «የለም» አለ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብቻ አማርኛ ጸሐፊዎች በስንት ዓይነት እንደሚጽፉት ቁጠሩት።

መፍትሔው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው ታስቀምጣለህ፤ ከጀርባ ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ ትይዛለህ፣ በእሱ ውስጥ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ታመጣለህ። የሚታየው ንጹሕ ይቆያል፣ ፍለጋው ይሠራል። ችግሩ መፍትሔው አልነበረም። ሦስት ኢንጂነሮች አማርኛ ተናግረን አድገን፣ አንዳችንም ይሄ ጥያቄ ሊመጣ እንደሚችል አለማሰባችን ነው። መዝገቡ ላይ ከመሳቅ ይልቅ አንድ ቀን ከመምህር ጋር ብንቀመጥ በአሥር ደቂቃ ይነግሩን ነበር።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ። «የታተመበት ዓመት» የሚል አንድ ሣጥን ሠራን። 1962 ተብሎ የገባው መጽሐፍ በኛ ነው በፈረንጅ? አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሞላው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ተቀበረ። ከላይ «በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው» ብዬ የተናገርኩት ከዚያ ወዲህ የያዘኝ ልማድ ነው።

ከስምንት ወር በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ለመቀየሪያ የሚሆን በጀት የለም፤ «ዲጂታል ማድረግ» የሚባለው መደብ ተጠናቋል፣ ተመርቋል፣ ሪፖርቱም ተልኳል። እኛም ሥራ ይዘን ተበትነናል። በኋላ ስሄድ ማሽኑ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎበት አገኘሁት። መምህር መዝገባቸውን ዘርግተው አንድ ተማሪ እያስተናገዱ ነበር። ተማሪው የጠየቀውን መጽሐፍ አገኙለት።

ሦስቱ ሰበቦች

ከዚያ ወዲህ ይሄን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር ሦስት መልስ እሰማለሁ።

አንደኛው ከቤተ ክህነት ሰዎች ነው። «መዝግበን ካወጣነው ሌባ እንጠራለን። የት ምን እንዳለ ባይታወቅ ይሻላል።» ይሄን አልንቅም። ብራና እየተገነጠለ ለቱሪስት ሲሸጥ ያዩ ሰዎች ናቸው የሚናገሩት። ሣጥኑን በአንገታቸው ቁልፍ አንጠልጥለው የጠበቁ አባቶች ባይኖሩ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር አይኖርም ነበር። ግን ጠይቁ፤ መደበቁ ከምን አዳነ? ከግራኝ ጦርነት አላዳነም። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ አላዳነም። በ2020 የጀመረው የትግራይ ጦርነት ጊዜም አላዳነም፤ ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ብራናዎች በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ መቅረባቸው ተዘግቧል።

አሁን አስቡት። አንድ መጽሐፍ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ጨረታ ላይ ወጣ። የእናንተ ደብር ነው። እንዴት ታስረዳላችሁ? «እናውቀዋለን፣ አባቶቻችን ሲያነቡት ነበር» በፍርድ ቤት አይበቃም። አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቃል፤ አርባ ዓመት የኖርክበት ቤት ካርታ ከሌለው፣ የሚመጣው ሰው ካርታ ካለው፣ ምን እንደሚሆን። ምስልና መግለጫ ያለው መዝገብ የመጽሐፉ ካርታ ነው። ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በየትኛው ቅጠል ላይ የጎደለ እንዳለ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ዳር ላይ የተጻፈው የመሬት ስጦታ ምን እንደሚል። ሌባ መጽሐፍ ይሰርቃል፤ ስሙ የተመዘገበ መጽሐፍ ግን ለመሸጥ ይከብደዋል። ሌባ የሚወደው ማንም ያልመዘገበውን ነው። ዝርዝሩን ሁሉ ለአደባባይ አውጡ አላልኩም። ቦታው ተደብቆ መግለጫው ሊታይ ይችላል፤ ይሄ በሶፍትዌር ቀላሉ ነገር ነው። ለራሳችሁ ግን ያዙት።

ሁለተኛው ከባሕር ማዶ ነው፤ «መጀመሪያ ይመልሱ።» የመቅደላውን አዎ፣ ይመልሱ። ግን ነገ ጠዋት 350 መጻሕፍት ቦሌ ቢያርፉ መዝጋቢ ማን ነው? ደመወዙ ስንት ነው? በየትኛው መደብ ይከፈላል? ለሰልፍ መኪና የተከራየ ማኅበር ለአንድ መዝጋቢ የዓመት ደመወዝ አዋጥቶ ያውቃል? እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ካለ ይጻፍልኝ፤ በደስታ እታረማለሁ።

ሦስተኛው ከኔው ወገን ነው፤ «አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያነበዋል።» ይህንን የሚለው ሰው ግዕዝ አያነብም፤ እስካሁን የተለየ አላገኘሁም። በእርግጥ የእጅ ጽሑፍን የሚያነብ ፕሮግራም አለ፣ ለግዕዝም ተሞክሯል። ግን ማሽኑ የሚማረው ከምን ነው? ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ገጽ በገጽ፣ ቃል በቃል ገልብጦ ካዘጋጀው ናሙና ነው። ከዚያም ማሽኑ ያወጣውን የሚያርመው ያው ሰው ነው። ያ ሰው የአብነት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ደበሎ ለብሶ ነው ያደገው፤ ዛሬም የሚከፍለው የለም። ማሽኑን የሚገዛ ሞልቷል። ለዚያ ሰው ወንበር የሚገዛ ነው የጠፋው።

የሚቻለው

«ነቅፈሽ ትሄጃለሽ?» እንዳትሉኝ።

ትልቅ ፕሮጀክት አልጠይቅም። ትልቅ ፕሮጀክት ነው የገደለን። የነገረ መለኮት ኮሌጆቻችን ግዕዝ ያስተምራሉ፤ ተማሪዎቹ ከየገጠሩ ደብር ይመጣሉ፤ ሁሉም የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የደብሩን አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ብቻ፣ በአማርኛ ይመዝግብ። ርዕሱ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ እንዴት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ፣ ማን አጻፈው፣ ማን ጻፈው፣ ዳር ላይ ምን ተጻፈ፣ ምን ጎድሏል። ሁለት ገጽ አይሞላም። የጌታቸው ኃይሌ ካታሎግ በመሠረቱ ይሄው ነው፤ እሳቸው ግን በአንድ የሰው ዕድሜ ያን ያህል አደረጉት። እኛ ደግሞ በየዓመቱ የሚመረቅ ሕዝብ አለን።

ማከማቻውስ? ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ፣ ግራና ቀኙን በአንድ ፎቶ ብናነሣ፣ 150 ፎቶ ገደማ ነው። አንዱ ፎቶ 5 ሜጋባይት ቢሆን መጽሐፉ 750 ሜጋባይት ነው። 1,000 መጻሕፍት 750 ጊጋባይት። ይሄ ኪስ ውስጥ የሚገባ አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። ሦስት ግዙ። አንዱ ኮሌጁ ይቀመጥ፣ አንዱ ሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ ከአገር ውጭ፤ ኮሌጅቪልም ቢሆን እሰየው። አንድ ቦታ ቢቃጠል ሁለቱ ይተርፋሉ። ደብሩ ደግሞ የራሱን መጽሐፍ ቅጂና የታተመ መግለጫ በእጁ ይያዝ፤ ባለቤቱ እሱ ነውና።

ሶፍትዌሩን አታስቡት። ኮሃ አለ፤ እሱም ከከበደ ኤክሴል ይበቃል። ሞክሼ ፊደሎቹን የሚያስማማውን ኮድ እኔ በነፃ እሰጣለሁ፤ ሠላሳ መስመር አይሞላም። በጀት ካለ ግን ስካነር አትግዙ። ሰው ቅጠሩ። «መዝጋቢ» የሚል የሥራ መደብ፣ ደመወዝና ጡረታ ያለው፣ ከምረቃው ባነር በኋላም የሚቆይ። በጎ አድራጊዎች ሆይ፣ በማሽን ላይ ስማችሁን መለጠፍ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። በሰው ደመወዝ ላይም ይለጠፋል። ማሽኑ ግን በመብራት መመላለስ ይቃጠላል።

ሐመሩ ሐ

ካለፈው የጥምቀት ማግስት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ኮሌጅ እሄዳለሁ። ይቅርታ ጠየቅሁ። መምህር «በምን?» አሉኝ፤ ስለ ሳቃችን አያውቁም ነበር፤ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እኔም ጽሕፈቴን ስታዩ ትስቃላችሁ ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

እሳቸው ከመዝገቡ ያነባሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ላፕቶፑ የኔ ነው፣ ፕሮግራሙ ተራ ሠንጠረዥ። የዓመት ሣጥኑ ሁለት ሆኗል፤ «በመጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው» እና «የማን አቆጣጠር»። ከሦስቱ መዝገቦች የመጀመሪያውን ልንጨርስ ነው። በየመካከሉ ጣቴ ቁልፉ ላይ ይቆምና እጠይቃቸዋለሁ።

«መምህር፣ በየትኛው ሀ ነው?»

«በሐመሩ ሐ።»

«ይሄኛውስ?»

«በብዙኃኑ ኀ ነው፤ አንቺ ልጅ፣ ምን አስተማሩሽ አምስት ዓመት ሙሉ?»

ባለፈው ቅዳሜ አንድ መስመር ላይ ደረስን፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ለአንድ ተማሪ የተዋሰ የታተመ መዝገበ ቃላት፣ «አልተመለሰም» የሚል በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት። መምህር ስሙን አዩና «ይሄ ልጅ አሁን ጳጳስ ሆኗል» አሉ። እንተወው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጻፊው እንጂ! መዝገብ ነውኮ።»

ጻፍኩት። ለአክስቴም በዚያው ምሽት መልስ ላክሁላት፤ ማስመለስ ጀምረናል፣ በቅርቡ ካለው ነው የተነሣነው ብዬ።